ዓይን መጨረሻ ላይ ይሣላል

በየዓመቱ፣ ስለ ምስልና ትርጓሜ የማስተምረው ትምህርት ወደ አጋማሹ ሲቃረብ፣ ከተማሪዎቼ አንዱ እጁን ያወጣና ስለዚያች ዓይን አልባ ሴት ይጠይቀኛል። ፊልሙን ያላዩት እንኳ ፊቷን ያውቁታል። በማስታወቂያው ላይ ናት፤ በመጻሕፍት ሽፋን ላይ ናት፤ አንድ ጊዜም በአንድ ጸጉር ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከመስተዋቱ ጎን ተለጥፋ አግኝቻታለሁ። ታሪኩ ቀላል ነው። በየመንገዱ ግድግዳ ላይ የሚሥል፣ ዘበኛ ሲያባርረው የሚውል አንድ ድሃ ወጣት በሞት አፋፍ ላይ ያለች እናቱን ፊት በትልቅ ግድግዳ ላይ ይሥላል፤ ያ ፊት ስሙን ያስጠራዋል፤ በመጨረሻም ትናንት ከደጃፉ ያባረረው አዳራሽ ቆሞ ያጨበጭብለታል። ሰውን ሁሉ የሚያነጋግረው ግን ፊቱ ዓይን የሌለው መሆኑ ነው። ከቅንድቡ በታች ሁለት የነጡ ጎድጓዳ ስፍራዎች ብቻ ይታያሉ።

ለተማሪዎቼ የምሰጠው መልስ የተዘጋጀ ነው። ዳይሬክተሩ የእናትን እይታ በመንፈግ ተመልካቹን ብቻውን አስቀርቶታል፤ የምናያት እንጂ የምታየን እናት የለችም፤ ዝናም ማለት ይኸው ነው፤ ወዘተ። በዚህ ሐሳብ ላይ መጽሐፍም አሳትሜያለሁ። በደንብ የተገነባ መልስ ነው፤ እውነት አለመሆኑ ብቻ ነው ጉድለቱ። ዓይኖቹ ያልተሣሉት ጥቁሩን ቀለም የሰረቅሁት እኔ ስለሆንሁ ነው።

ሰባት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው በመጋረጃ ለሁለት በተከፈለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ በመስኮቱ በኩል የእናቴ የስፌት መኪና፣ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋዎቻችን። የእናቴ ሙያ ኮሌታ መገልበጥ ነበር። ሸሚዝ የሚያረጀው ከአንገቱ ነው። እሷ ያለቀውን ኮሌታ በምላጭ ትፈታና፣ ያልተነካውን ገጽ ወደ ውጭ ገልብጣ መልሳ ትሰፋዋለች፤ ባለቤቱም ሌላ ሁለት ዓመት እንደ አዲስ ይለብሰዋል። ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፣ "ሰውም እንዲህ ቢገለበጥ ምን ነበረበት" ትል ነበር።

ወንድሜ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል። የሰፈሩ ልጆች "ጥላሸት" ነበር የሚሉት፤ ጣቶቹ ነጽተው ያደሩበት ቀን ስለሌለ ስሙን በክፋት ያወጡለት አይመስለኝም። ቀለሙን ራሱ ነው የሚሠራው። ቀዩንና ቡናማውን ከአፈር፣ ነጩን ከኖራ፣ ጥቁሩን ግን ከላምባ ጭስ ያወጣዋል። የኩራዙን ነበልባል ከቆርቆሮ ሳህን ስር ያቆመዋል፤ ሳህኑ ላይ የጠገገውን ጥላሸት በላባ ይጠርገዋል፤ በተልባ ዘይት ለውሶ ሁለት ቀን ያሳድረዋል፤ ከዚያ በጫማ ቀለም ጣሳ ውስጥ ይከድነዋል። ያ ጥቁር አያብለጨልጭም። ብርሃን ሲወድቅበት ውጦ ዝም ይላል። ከዓይን በቀር ለምንም አያውለውም ነበር፤ ዓይንንም የሚሥለው ከሁሉ በኋላ ነው።

"ለምን መጨረሻ ላይ?" አልሁት አንድ ቀን።

"ዓይን ያለው ሥዕል ያይሻላ፣ ሚጣ። እሱ እያየሽ አፍንጫውን ልታርሚው ትደፍሪያለሽ? ዓይን ከገባ በቃ፣ አለቀ ማለት ነው።"

አለቀ ማለት አለቀ ማለት መሆኑን ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ተቀበልሁ።

የፊልሙ ሰዎች ያገኙት ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ዘበኛው ምሳ ሊበላ ሄዶ ሳለ ነው። ዳይሬክተሩ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ሲናገር የሰውን ፊት ሳይሆን ከሰውየው ኋላ ያለውን ነገር የሚያይ ሰው ነበር። ወንድሜ የዚያን ቀን ማታ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሳይጠጣው፣ ነገሩን ለእናቴ ነገራት።

"እጄን ፈልገውታል" አለ።

"ፊትህንስ?"

"ፊት አላቸው። ተዋናይ አለ። እሱ ግድግዳው ፊት ይቆማል፣ ጠጋ ብለው ሲያነሡ ደግሞ የሚታየው የኔ እጅ ነው።"

"ምነው፣ ያንተ ፊት ምን ጎደለው?"

"ያንቺን መምሰሉ ነዋ።"

እናቴ በጣት ቆቧ ግንባሩን ኳ አደረገችው። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጠና ሊናገረው ሲያሽሞነሙነው የቆየውን ነገር ተናገረ፦ በፊልሙ መጨረሻ ስሙ ይወጣል። ከሌሎች ጋር ተደርድሮ አይደለም፤ ብቻውን፣ በጥቁር ላይ በነጭ፣ ለሦስት ሰከንድ።

"ለሦስት ሰከንድ ነው ይኼ ሁሉ መቅበጥበጥ?" አለች።

"ቁጠሪው እስቲ፣ እማ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ይኼን ሁሉ ጊዜ ሰው ቁጭ ብሎ ስሜን ሲያነብ። ከዚያ በኋላ ዘበኛ አያባርረኝም። ግድግዳ ራሳቸው ናቸው የሚሰጡኝ።"

እኔም ቆጠርሁ። ሦስት ረጅም ነበር።

እስካሁን ድረስ ስለ ዝና ካነበብሁት ሁሉ የዚያን ማታ ያህል ግልጽ የሆነልኝ የለም፤ ዝና ማለት ከግድግዳ አለመባረር ነው። በእኔ ግምት ግን ነገሩ ከዚህም ያለፈ ነበር። ፊልም ማለት ገና ያልሆነውን ነገር አስቀድሞ ማንሣት ይመስለኝ ነበር። ሰዎቹ የወንድሜን መጪ ዕድሜ እየቀረጹ ነው፤ የተቀረጸው ሁሉ ኋላ በተራው ይደርሳል። ተዋናዩ የወንድሜን ካፖርት ሲዋስ እንኳ አልገረመኝም። እናቴ ኮሌታውን ገልብጣ ሰፍታ ሰጠችው። "ፊት" ነበር የምለው ተዋናዩን፤ "ፊት መጣ" እል ነበር፣ እሱም ሲሰማኝ ጉንጮቹን ነፍቶ ያሳየኛል። ዛሬ ፊልሙን ስመለከት ተዋናዩን አላየውም። ኮሌታውን ነው የማየው፤ በግራ በኩል ስፌቱ በሁለት ነጥብ ያህል ይዘላል። የእናቴ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው ያን ጊዜ መሆን አለበት።

የእናትየዋን ፊት የሚሥልበት ትዕይንት አሥረኛው ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ሳምንት ልምምድ ተፈቀደለትና በግቢያችን የጀርባ ግድግዳ ላይ እናታችንን ይሥላት ጀመር። ከሰዓት በኋላ፣ እናቴን ልታስታምም የመጣችው አክስቴ ትራስ ደጋግፋ ወንበር ላይ ታኖራታለች፤ ብርድ ልብሱ እስከ ብብቷ ይደርሳል። ወንድሜ በአፈሩ ቀለም ግንባሯን ያወጣል፣ ጉንጯን ያጎድላል፣ ከንፈሯን ይዘጋዋል፣ ዓይኗ ጋ ሲደርስ ይተወዋል። "ዓይኑ ለቀኑ ነው" ይላል። ከዚያ ፀሐይዋ ከግድግዳው ላይ ስትነሣ ኖራውን በጥብጦ ሥዕሉን ይሸፍነዋል፤ ነገ እንደገና ለመጀመር።

"ዓይኔንስ ተወው" አለችው ከነዚያ ቀኖች በአንዱ፤ ድምጿ ከብርድ ልብሱ ስር የሚመጣ ይመስል ነበር። "ሌላውን ሁሉ ለሕዝብ አሳየኸው። ዓይኔ እንኳ ለራሴ ይቅርልኝ።"

"ባለ ዓይን ነሽ ብዬ አይደል የመረጥሁሽ" አላት እየሳቀ።

እሷም ሳቀች፣ ሳቋ ወደ ሳል ዞረ፣ አክስቴም "በል አሁን ይብቃት፤ ሰው ናት፣ ግድግዳ አይደለችም" ብላ አስገባቻት።

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር እያየሁ ነበር። በየቀኑ ኖራው ሥዕሉን ሲሸፍነው፣ በማግሥቱ እናቴ ከትናንቱ ሳስታ ትወጣለች። ሰኞ ጉንጯ ነበረ። ሐሙስ አልነበረም። ወንድሜ ያየውን ነበር የሚሥለው፤ እኔ ግን በግልባጩ ነው የገባኝ፤ እሱ ግድግዳው ላይ ያጎደለው በነጋታው ከእሷ ላይ የሚጎድል መሰለኝ።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዝም ብዬ አይ ነበር። ነገር ግን በልምምዱ መጨረሻ ቀን ዳይሬክተሩ ግቢያችን መጣ። እኔ ከመስኮቱ ስር ቁጭ ብዬ የእናቴን አዝራሮች በየመጠናቸው እየለየሁ ነበር። ሰውየው ግድግዳውን፣ ከዚያ በተከፈተው በር አሻግሮ አልጋውን፣ ከዚያ እንደገና ግድግዳውን አየ።

"እናትየዋ አሥረኛው ላይ ትሞታለች" አለ ድምጹን ዝቅ አድርጎ። "አንተ እዚያ ሁለተኛውን ዓይን ስትጨርስ፣ እሷ አልጋዋ ላይ ትንፋሿ ይቆማል። እኩል። ገባህ?"

"ገብቶኛል፣ ጋሼ።"

"ይከብድሃል እንዴ?"

ወንድሜ የኖራውን ብሩሽ በባልዲው አፍ ላይ ጠረገው። "አይ። ሥራ ነው" አለ።

እኔ የማውቃት እናት አንዲት ብቻ ነበረች። ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ መርፌ የምትወጋት ነርስ ዕቃዋን እየሰበሰበች ለአክስቴ፣ "ይኼን ወር የምታልፍ አይመስለኝም። ለትንሿ ግን አትንገሯት" ስትል ሰማሁ። ሁለቱ ወሬዎች በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ተነግረው እኔ ውስጥ ተገናኙ። አላለቀስሁም። ትልልቆቹን አዝራሮች ከትንንሾቹ ለይቼ ጨረስሁ።

ብዙ ዘግይቶ አክስቴ ነገረችኝ፤ በፊልሙ የመጀመሪያ ጽሑፍ ውስጥ እናቲቱ አትሞትም ነበር። ጀግናው የሚሥለው የሚወድዳትን ልጅ ነበር። ዳይሬክተሩ ከልምምዱ አስቀድሞ አንድ ጊዜ ቤታችን መጥቶ በዚያ በር አሻግሮ ካየ በኋላ ነው ታሪኩ የተቀየረው፤ ወንድሜም ተጠይቆ ተስማምቷል። ስለዚህ የሰባት ዓመቷ ልጅ ሙሉ በሙሉ ተሳስታ ነበር ለማለት አልደፍርም። የተሳሳተችው በቅደም ተከተሉ ነው። ፊልሙ እናቴን አልገደላትም፤ እየሞተች አገኛትና ተጠቀመባት። ይህን መለየት የቻልሁት ለመለየቱ ምንም ጥቅም በሌለበት ዕድሜ ነው።

በቀኑ ጠዋት ወንድሜ ጢሙን ሲላጭ ከቀለም ሳጥኑ ውስጥ ያቺን የጫማ ቀለም ጣሳ አወጣኋት። ክዳኗ ስላልጠበቀ ጣቶቼ ጠቆሩ። የምደብቅበት ቦታ አልነበረኝም፤ በአንዲት ክፍል ውስጥ ለሚኖር ሰው መደበቂያ ማለት የሌላ ሰው አልጋ ነው። እናቴ የተኛች መስሎኝ በግርጌዋ በኩል ፍራሹን ገለጥ አደረግሁ።

"ምን ይዘሻል፣ እናቴ?" አለችኝ። ሁልጊዜ "እናቴ" ነበር የምትለኝ።

"ምንም።"

አየችኝ። ከዚያ ለጣሳዋ ስፍራ እንዲበቃ ነው መሰለኝ፣ እግሯን ትንሽ ሰብሰብ አደረገች።

"ምንምም ቢሆን ጣትሽን ታጠቢ" አለች፤ ወደ ግድግዳውም ዞረች።

ግድግዳው ከድሮው የጨርቅ ፋብሪካ ጎን፣ ሦስት ሰው ተደራርቦ የሚያክል ነበር። አክስቴ ከእናቴ ጋር ስትቀር እኔን ወንድሜ ይዞኝ ሄደ። ፀሐይ በዚያ ግድግዳ ላይ በትክክል የምታርፈው ከአሥር ሰዓት በኋላ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፤ መንገዱን የዘጉበት ፈቃድም የሚያበቃው በዚያው ቀን ነበር። "ፊት" በተገለበጠው ኮሌታ ቆሞ ብሩሹን ያወዛውዛል፤ "ቁረጥ" ሲባል ይወርዳል፣ ወንድሜ ይወጣል፤ ካሜራው ወደ እጁ ይጠጋል። ከረፋዱ ጀምሮ ግንባሩ መጣ። ጉንጩ መጣ። እናቴ ከአፈርና ከኖራ ውስጥ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቀስ እያለች ወጣች። ከዚያ ወንድሜ እጁን ወደ ሳጥኑ ሰደደ።

ያን እጅ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ሳያይ ዳበሰ። ከዚያ አየ። ከዚያ ሳጥኑን ገልብጦ መሬት ላይ ዘረገፈው።

"ምን ሆነ?" አለ ዳይሬክተሩ ከታች።

"ጥቁሩ የለም።"

"እኛ አለን እኮ። አምጡለት አንድ ጣሳ።"

የመጣለትን የሱቅ ጥቁር በአውራ ጣቱ ግድግዳው ጥግ ላይ ቀባው። የካሜራው ሰው በመነጽሩ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። "ያብለጨልጫል። ጉድጓድ ሳይሆን ጠርሙስ ነው የሚመስለው" አለ። ከሕዝቡ መሀል አንዱ፣ "ጥላሸት ጥላሸት አጣ" ብሎ ቀለደ፤ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ፀሐይዋ ከአገጩ ላይ ተነሥታ ወደ ከንፈሩ ወጣች። እኔ እጄን ከቀሚሴ ኪስ አላወጣሁም።

ዳይሬክተሩ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። እንደ ልማዱ ከሰዉ ኋላ ያለውን ነበር የሚያየው።

"ተወው" አለ በመጨረሻ። "እንዲሁ ቅረጹት።"

"አላለቀም፣ ጋሼ" አለ ወንድሜ ከመሰላሉ ላይ።

"ይሻላል እንዲያውም። ና ውረድ።"

"ሁለት ቀን ይስጡኝ። አዲስ እሠራለሁ።"

"ሁለት ቀን የለኝም። ሃያ ደቂቃ ነው ያለኝ። ውረድ በቃ፣ ጎበዝ።"

ወረደ። "ፊት" ወጣና ዓይን በሌለው ፊት ጉንጭ ላይ መዳፉን አሳረፈ፤ ካሜራው ተነሣ፤ ዛሬ በማስታወቂያው ላይ የምናየው ይህ ነው። ሲያበቃ ወንድሜ ብሩሾቹን አጥቦ፣ ወደ ሰውየው ቀርቦ፣ ድምጹን ከፍ ሳያደርግ፣ "ባላለቀ ሥራ ላይ ስሜን አያውጡብኝ" አለው።

"ተናደህ ነው። ነገ ይበርድልሃል።"

"አልተናደድሁም።"

እውነቱን ነበር። አልበረደለትም፤ የሚበርድ ነገር አልነበረውምና። ሦስቱን ሰከንድ ፊልሙ ላይ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ በእነሱ ቦታ ጥቁር ብቻ አለ። ዳይሬክተሩ በእርጅናው በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ ዓይኖቹን የተዋቸው ገና ጽሑፉን ሲያዘጋጅ አስቦበት እንደሆነ ተናግሯል። ዋሸ አልልም። ሃያ ደቂቃ ውስጥ የታሰበ ነገር ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሁልጊዜ የታሰበ ይመስላል።

ወደ ቤት ስንመለስ ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ ነበር። እናቴ ዓይኗን ገልጣ ጠበቀችን። ከዚያ ቀን በኋላ ዘጠኝ ቀን ኖረች። ዘጠኙንም እየቆጠርሁ "ይኼም የኔ ነው" እል ነበር፤ ለምሳ ሾርባ ስትቀምስ፣ ስታንቀላፋ፣ ስትነቃ፣ እኔ የሰጠኋት ቀን ላይ ነበር የምትነቃው። በአሥረኛው ቀን ጠዋት አክስቴ መስኮቱን ከፈተች፤ እኔን ወደ ጎረቤት ላከችኝ። ጎረቤት አልሄድሁም። እስከ ፋብሪካው ድረስ ሮጬ ግድግዳውን አየሁ፤ አንድ ሰው መጥቶ ዓይኖቹን ሥሏቸው እንደሆነ ነበር የጠረጠርሁት። ማንም አልሣላቸውም። ሁለቱ ነጫጭ ስፍራዎች እንዳሉ ነበሩ። ዓይኗ ሳይሣል ሞተች። የተሰጠኝ ሕግ ፈረሰ፣ በምትኩም ሌላ የሰጠኝ የለም። ብዙ ቆምሁ። ምንም የተሰማኝ አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህም ስለ እሷ ሲነሣ የሚሰማኝ ያው የግድግዳው ነጭ ነው።

እናቴ ፎቶግራፍ ተነሥታ አታውቅም። ያቺ ዓይን አልባ ፊት ብቻ ናት የቀረችን፤ እሷም የሁሉም ሰው ናት።

ባለፈው ወር፣ የፊልሙን ሠላሳኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ተጠየቅሁ። የተለመደውን መልስ ልጽፍ ተቀምጬ እጄ እምቢ አለ። ወንድሜን ላስፈቅደው ሄድሁ። የቤት ቀለም ቀቢ ነው፤ ቢሮ፣ ኮሪደር፣ አዲስ አፓርታማ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቀለም። ያገኘሁት በአንድ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ወለሉን በጋዜጣ ሸፍኖ፣ ሮለሩን ከላይ ወደ ታች ሲስብ ነው።

"ስለ ፊልሙ ልጽፍ ነው" አልሁት።

"ጻፊ።"

"እውነቱን ነው የምጽፈው። ስለ ጥቁሩ።"

ሳይዞር ሳቅ አለ። "እሱንማ እማዬ ናት የደበቀችው።"

 ለዓመታት ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ ኪስ ሲያዛውረው የኖረ ነገር በመሆኑ፣ ሳይቸገር አወጣው። አክስቴ ፍራሹን ስታነሣ ጣሳዋን ከግርጌ አገኘቻት፤ ለእሱ ሰጠችው፤ እሱም እናታችን "ዓይኔን ለራሴ ተውልኝ" ማለቷን አስታወሰ።

"ቀልድ ነበር የመሰለኝ" አለ። "የምሯን ነበር ለካ። ከዚያ በኋላ የማንን ዓይን ልሣል? ብሩሹን ባነሣሁ ቁጥር ሳላስፈቅድ የምገባ ይመስለኛል። ግድግዳ ደህና ነው። ግድግዳ አያይሽም።"

ሮለሩ ወረደ፣ ወጣ። እኔ ስለ እይታ መነፈግ አንድ ሙሉ መጽሐፍ የጻፍሁ ሴት ነኝ።

"እኔ ነኝ" አልሁት። "እማዬ አይደለችም። እኔ ነኝ የሰረቅሁት። ዓይኗ ሲያልቅ ትሞታለች ሲል ሰምቼው ነው፣ ዳይሬክተሩን። ፍራሹ ስር የከተትሁት እኔ ነኝ።"

እግሯን ሰብሰብ ማድረጓን አልነገርሁትም። ለእኔ ብላ ይሁን ለራሷ ብላ እስካሁን አላውቅም፤ የማላውቀውን ነገር ልሰጠው አልፈለግሁም።

የያዘውን መስመር እስከ ወለሉ ድረስ ጨረሰ፤ ቀለም መሀል ላይ ከተቆመበት ጠርዙ ደርቆ ምልክት ያወጣል። ከዚያ ሮለሩን በባልዲው ላይ አሳረፈ።

"ስንት ዓመትሽ ነበር?"

"ሰባት።"

"ሰባት" አለ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጣቶቹ ነጭ ነበሩ። ከስር ያለው የድሮው ጥቁር በጥፍሮቹ ዙሪያ አሁንም እንዳለ አየሁ፣ ወይም ያየሁ መሰለኝ። ከዚያ፣ ስለ ሌላ ጉዳይ እንደሚጠይቅ ሰው፣ "ለመሆኑ ምን ዓይነት ነበሩ?" አለኝ።

"ምኖቹ?"

"ዓይኖቿ።"

ልመልስለት አፌን ከፈትሁ። ምላጩ ትዝ ይለኛል። የጣት ቆቧ ትዝ ይለኛል፤ በግንባሩ ላይ ሲያርፍ ያሰማው ድምፅ ሳይቀር። አዝራሮቹን ዛሬም በየመጠናቸው ልለያቸው እችላለሁ። ፊቷን ስፈልግ ግን የሚመጣልኝ ያ ጸጉር ቤት ነው፤ መስተዋቱ፣ ከጎኑም እሷ፣ ሁለቱ ነጫጭ ስፍራዎች።

"ትዝ አይሉኝም" አልሁት።

"እኔም" አለ። ጎንበስ ብሎ፣ ሁለተኛውን ዙር ለመቀባት ነጩን ቀለም ያማስል ጀመር።